የዳማው ፈረስ ቁርስ

ይቅር በይው ይሉኛል። የንስሐ አባቴም ብለውኛል፣ ልጆቼም ብለውኛል። ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው፣ አፈር ከሆነ ሰው ጋር ምን ያጣላሻል ይሉኛል። እኔ ግን ያን ቅዳሜ ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ተጸጽቻለሁ ብዬ ብዋሽ እግዜሩም ይታዘበኛል።

ሰውየው የፈረስ ነጋዴ ነበር፤ ጎረቤቴም ነበር። የሱን በረትና የእኛን ጓሮ የሚለየው አንድ የባሕር ዛፍ አጥር ነው። ካባውን ደርቦ፣ ጅራፉን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ አሰላ ገበያ ላይ ሲንጎራደድ ያየው ሰው ደጃዝማች ነው የሚለው። ከሮቤም ከጢቾም ፈረስ ያመጣል፣ ይሸጣል፣ ይምላል። ኧረ መሐላው! የማይጠራው ታቦት አልነበረም።

ባሌ ባለጋሪ ነበር። በስልሳዎቹ መጀመሪያ ላይ የጋሪ ፈረሳችን በእርጅና ሲሞትብን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን አይበድልም ብሎ ከዚህ ሰው አንድ አምባላይ ገዛ። ነጭ፣ አንገቱ የተቀለሰ፣ ሲያዩት የሚያሳሳ ፈረስ ነው። ያን ዕለት ገርነቱ ለጉድ ነበር፤ ጆሮውን ቢይዙት ዝም፣ ጅራቱን ቢጎትቱት ዝም። በሦስተኛው ቀን ባሌ ጤፍ ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ ፈረሱ አበደ። ጋሪውን ከነጭነቱ ገለበጠው፣ ባሌን ከስሩ አስገባው፣ ከዚያም ዞሮ በኮቴው ጉልበቱን ደቆሰው። ሐኪም ቤት ከረመ፣ ወጌሻም አሸው፤ እግሩ ግን እንደ ደረቀ እንጨት ቀጥ ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ጋሪ ላይ አልወጣም።

ነገሩ የገባን እሱ አልጋ ላይ እያለ ነው። የነጋዴው አሽከር ተጣልቶ ሲወጣ ለሰው ሁሉ ለፈለፈው። ለካ ሰውየው ተናካሽና ተራጋጭ ፈረስ በርካሽ እየለቀመ፣ በገበያው ቀን ጠዋት አረቄ አፉ ውስጥ ያንቆረቁርበታል። ፈረሱ ይፈዝዛል፣ ገዢው ገር ነው ብሎ ይወስደዋል፣ ስካሩ ሲለቀው የሆነው ይሆናል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ። አምባላዩ የተሸጠ ዕለት ጠዋት ሰውየው ደጄ መጥቶ፣ እንግዳ መጣብኝ ብሎ፣ አንድ ጠርሙስ አረቄ ከእኔ ገዝቶ ነበር። አረቄ አውጪ ነኝ፣ ሸጥኩለት። በገዛ እጄ ባወጣሁት አረቄ ባሌን ሰበረው!

ገበያ መሐል ሄጄ ያዝኩት። እንዲህ አድርገው አዋረዱን፣ ቤታችንን ዘጉት አልኩት፤ ያኔም እርስዎ ማለቴን አልተውኩም፣ እናቴ አሳድጋኛለቻ። እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ሰው እስኪሰበሰብ ጠበቀና፣ "ፈረሱ ምን በደለ?" አለኝ። "ባልሽን አንቺ ስትጋልቢው ሰንብተሽ ጉልበቱ ዝሎ ነው።" ገበያው በሳቅ አወካ። ሴቶቹ እንኳ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጥርሴን ነክሼ ወደ ቤቴ ገባሁ። አምባላዩን በኋላ ለአንድ የጢቾ ገበሬ እውነቱን ነግረን፣ ለውቂያ እንዲሆነው በማይረባ ዋጋ ሸጥንለት።

እንግዲህ ቤቱን የማቆመው እኔ ሆንኩ። አረቄ አወጣለሁ፣ አንድ ሁለት ሙክት አደልባለሁ፣ ጓሮ ያለችውን ክፍል አከራያለሁ። ያችን ክፍል አንድ ፈረንጅ ተከራያት። መሥሪያ ቤት የላከው አይደለም፤ በጭነት መኪና እየተንጠላጠለ ከኬንያ በኩል የመጣ፣ ጸጉሩን በክር ያሰረ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ያልታወቀ ልጅ ነው። ለሰው ክፉ አልነበረም። ከጎመኔ ጎን አንድ ቅጠል ዘራ፤ እኔ የአገሩ ሽንብራ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ቅጠሉ እንደ ምንም ብሎ አደገ፤ የጭላሎ ብርድ ግን መቼ ያስችላል፣ ጉስቁል እንዳለ ቀረ። አጨደው፣ ክፍሉ ውስጥ ዘግቶ ሲያሸው ሲጠፈጥፈው ሰነበተና ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ እንደ ደረቀ እበት ያለ ነገር አወጣ። ሻሸመኔ መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮች ቤቴ አረቄ ሲጠጡ ሽታው ደረሳቸውና ሐሺሽ ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ ሐሺሽ ሲባል የሰማሁት እንጂ ያየሁት ነገር አልነበረም።

ከአዲስ አበባ ጓደኞቹ ሊቀምሱለት መጡ። ጓሮ ተቀምጠው አንዴ ሲስቡት ሳል ሊገድላቸው! አንዱ እንባው እየወረደ ከአጥሩ ሥር ተፋው፣ ሌላዋ እራሴን እራሴን አለች፤ ሁሉም ተሳሳቁበት። ልጁ በጣም አፈረ። ሊሄድ ጓዙን ሲሸክፍ ሐሺሹን በብስኩት ቆርቆሮ እንዳለ ሰጠኝና፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ መጥፎ ነው፣ ለሰው አይሆንም፣ ጣዪው አለኝ። እኔ ቤት የሚጣል ነገር የለም። ቆርቆሮውን ፈለግሁትና ያን መናኛ ነገር ጓሮ ደፋሁት፣ ቆርቆሮውን አጥቤ በርበሬ ላደርግበት።

ያን ጊዜ የሚያስቸግረኝ አንድ ሙክት ነበረኝ፤ ሰው ካልወጋ የማያድር። እሱ ሄዶ ከደፋሁት ላይ በላ። ሞተብኝ ብዬ ስሮጥ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ዓይኑ ጭፍን ክፍት ይላል፣ ልጋጉ ይንጠባጠባል፣ ሆዱን ባክክለት እንኳ ቀና አይልም። ከዚያ ደግሞ መብላት ጀመረ። አተላውን ጨረሰ፣ ገለባውን ጨረሰ፣ የሰሌን ምንጣፌን ጫፍ በላብኝ። በማግስቱ እንደ ድሮው ሆኖ፣ ምንም ሳይሆን፣ ባሌን ከኋላው ወጋው። ወይ ጉድ አልኩና የደፋሁትን ለቅሜ በጨርቅ ቋጠርኩት። ከዚያ ወዲህ ምግብ አልቀምስ ያለ በግ ሲኖረኝ ጥቂት በአተላ እሰጠዋለሁ፤ ሲበላ ይውላል። ያን ፋሲካ የእኔን ሙክቶች ያየ ሰው ምን ብታበያቸው ነው እያለ ጠየቀኝ።

በዚህ መሐል ሌላ ጉድ መጣ። ቤታችን የቆመበት መሬት የአንዲት ባለርስት አሮጊት ነበር። በሕይወት እያሉ፣ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ የተቀመጣችሁበት ቦታ የእናንተው ይሁን ብለውናል። እሳቸው ሲሞቱ ነጋዴው ከልጃቸው ሁሉንም ገዝቻለሁ ብሎ ብቅ አለ። የእኛን ቦታ የፈለገው ለበረት ማስፋፊያ ነው። እኔ የጭቃውን ግድግዳ በእርጉዝ ሆዴ እያቦካሁ የመረግኩት ቤት ለሱ ፈረስ ማደሪያ ሊሆን! ባሌ አንካሳ፣ ልጆቼ ትንንሽ፤ ከዚያ ብንወጣ የምንገባበት ጎሬ አልነበረንም። የሽማግሌዎቹ ቃል ደግሞ ቃል ብቻ ነው፤ የወረዳው ሹም ካልተቀበለው ዋጋ የለውም።

ሹሙ አዲስ የመጣ ሰው ነበር። ፈረስ ይወዳል ተባለ፤ መውደድ ብቻ አይደለም፣ ስለ ፈረስ ሲያወራ ምሳው ይቀዘቅዝበታል አሉ። ነጋዴው ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ቦታውን ሹሙ ራሱ ቆሞ እንዲያየው ቅዳሜ ተቀጠረ፤ ነጋዴውም በዚያው ዕለት፣ በዚያው ሜዳ ላይ፣ ለእንኳን ደህና መጡ አንድ ፈረስ ሊያበረክት ተነሣ። እጅ መንሻ ማለት አይደለም እንዴ? ግን በአደባባይ ስጦታ ከተባለ ማን ምን ይላል። ባሌ ያን ማታ እራቱን አልበላም። በቃ ቤቱ ሄደ አለኝ።

የሚሰጠው ፈረስ ያ ቀላ ያለው ዳማው ነው። እውነቱን ልናገርና፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ፈረስ አላየሁም። ሌላውን ሁሉ ሲያታልል የኖረ ሰው ይኼን ግን ለራሱ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሳደገው፣ አንድ ነውር የሌለበት፣ እሳት የላሰ፣ ለጌታው ግን የሚታዘዝ ፈረስ ነበር። እኔ አውቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት አንገቱን በአጥሩ ላይ አሻግሮ ያንኮራፋብኛል፤ ጩኮ እሰጠዋለሁ፣ በቅቤ የታሸ በሶ፣ ጨው ጣል አድርጌበት። ከጌታው ጋር ነው እንጂ ከሱ ጋር ምን ጠብ አለኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ጩኮውን ሳሽ ዓይኔ በርበሬ ካደረግኩበት ቆርቆሮ አጠገብ ያለችውን ጨርቅ አየ። መናኛው ሐሺሽ እዚያ ነው የተቋጠረው። ዕቅድ ነበረኝ ብል ውሸት ነው፤ እጄ ቀደመኝ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ፈረሱ ፈዝዞ ስጦታው እንዲበላሽበት ብቻ ነበር። የበጉን መጠን አውቃለሁ፤ ፈረስን በዓይኔ ገመትኩ፣ እንዳልጎዳውም ፈራሁ። ዳማው አንገቱን አሻገረ፣ ከመዳፌ በላ፣ መዳፌን ላሰ። ግንባሩን አሸት አሸት አደረግኩለትና፣ ዛሬ እረፍ አልኩት።

ሹሙ መጣ። ሜዳው ላይ ወንበር ተቀመጠለት፣ ከእግሩ ሥር ቄጠማ ተጎዘጎዘ፣ ሽማግሌዎቹ በአንድ ወገን፣ እኛ በአንድ ወገን ቆምን። የገበያው ሰው ግማሹ እቃውን ጥሎ መጥቷል። ነጋዴው አዲስ ካባ ለብሷል። ስለ ዳማው አንድ ሰዓት የፈጀ የሚመስል ውዳሴ አወረደ። ሲጋልብ ነፋስ ነው፣ ሲቆም ሙሽራ ነው፣ ሲል ሲል፣ ሹሙ ከወንበሩ ወደፊት ሰገገ። ከዚያ ዳማው በቀይ ግላስ፣ በብር ልጓም አጊጦ ወጣ።

ሲወጣ ገና አረማመዱን አየሁ። እግሩን አንድ በአንድ፣ እያሰበ ነው የሚያነሣው። አሽከሩ ኮርቻው ላይ ወጥቶ ሽምጥ ሊያስጋልበው ተረከዙን ሰደደ፤ ዳማው ጥቂት ተራመደና ቆመ። ደግሞ ሰደደ፤ ዳማው ጆሮውን ጣለ። ሰው መሳቅ ፈልጎ ፈራ። ነጋዴው ሮጦ ልጓሙን ይዞ ሲጎትተው፣ ዳማው ቄጠማውን አየ። በቀጥታ፣ እንደ ቤቱ፣ ወደ ሹሙ ሄደ። አንገቱን ደፍቶ ከሹሙ እግር መሐል ቄጠማውን እየነጨ ያኝክ ጀመር። ልጋጉ ዝርግፍ ብሎ በሹሙ ጫማ ላይ ወረደ። ሹሙ እግሩን ሲሰበስብ፣ ዳማው ደግሞ የወንበሩን ገመድ ያዘ።

ሹሙ አልጮኸም። ፈረሶቹን የሚጠብቅለትን ባልደራሱን ብቻ በአገጩ ጠራው። ባልደራሱ ሽማግሌ የአርሲ ሰው ነበር፣ ፈረስ ላይ የተወለደ ነው የሚመስለው። መጥቶ የዳማውን የዓይን ቆብ ገለጠ፣ ከንፈሩን ገልብጦ አየ፣ ትንፋሹን አሸተተ። ራሱን ነቀነቀና "ኩን ፈርዳ ሚቲ" አለ፤ ይኼ ፈረስ አይደለም ማለቱ ነው። ከዚያ በአማርኛ ለሹሙ ተናገረ።

"ጌታዬ፣ አስክረውታል። ፈረስን የሚያሰክሩት ክፋቱ እንዳይታይ ነው። ነገ ሲነቃ እርስዎ ላዩ ላይ ቢሆኑ፣ የሚያደርገውን እግዜር ነው የሚያውቀው።"

ነጋዴው መሬት ላይ ወደቀ። ማለ፣ ተገዘተ። ጊዮርጊስን ጠራ፣ ማርያምን ጠራ፣ ልጆቼን ይንሣኝ አለ። ይኼ ፈረስ ከልጅነቱ እጄ ላይ ያደገ ነው፣ አንድ ነውር የለበትም፣ ጠብታ አረቄ አላስነካሁትም አለ። እናንተዬ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገረ! ያን እውነት ደግሞ እዚያ ከነበረው ሕዝብ ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ቆምኩ።

ሹሙ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ይህ ሰው ፈረስ ማስከር ልማዱ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰው እኮ ሲያማው ኖሯል፣ ሹም ፊት ግን ማን ይጀምር? ያኔ ከጎኔ ምርኩዙ ቋ ሲል ሰማሁ። ባሌ ነው። ያደረግኩትን አልነገርኩትም፣ ምንም አያውቅም። ያችን የደረቀች እግሩን እየጎተተ ሜዳውን አቋርጦ ሹሙ ፊት ቆመ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ።

"እኔን ይዩኝ፣ ጌታዬ" አለ።

ከሱ በኋላማ ማን ይቀራል። አንዱ ልጁ የወደቀበት፣ አንዱ ክንዱ የተነከሰበት፣ አንዱ ቡቃያው የተረገጠበት፣ ሁሉም ተራ በተራ ወጣ። ሹሙ ተነሣ። በእኔ ላይ በሕዝብ ፊት እንዲህ የደፈረ፣ በድሀ ላይ ምን አይሠራም አለ። የሽማግሌዎቹን ቃል እዚያው ቆሞ ተቀበለ፤ አሮጊቷ የሰጡን ቦታ የእኛ ሆኖ ጸና። ባሌ ቤት ገብቶ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰና አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። እሰይ ነው ያልኩት፣ ጮክ ብዬ፣ እሰይ!

ነጋዴው ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ ሰው አልሆነም። ፈረስ ሲያወጣ ገዢ ሁሉ መጀመሪያ አፉን ያሸታል፤ ካሸተተም በኋላ አይገዛም። ዳማውን እንኳ፣ በማግስቱ እንደ እሳት ሆኖ ቢነሣም፣ የሚነካው ጠፋ። የክረምቱ ዝናብ ሳይገባ ንብረቱን ሸጦ ወደ አቦምሳ ሊወርድ እንደሆነ ሰማን።

ሊሄድ ሲል አጥሩ ጋ መጣ። ዳማው ከኋላው ቆሟል። ካባ የለውም፣ ከስቷል። እኅቴ ብሎ ጠራኝ፤ እኅቴ ብሎኝ አያውቅም። ይኼን ፈረስ በየጠዋቱ ታዪው ነበር፣ ጤነኛነቱን ከእኔ ሌላ የምታውቂው አንቺ ነሽ አለኝ። የሹሙ ባልደራስ አረቄ ሊገዛ እኛ ቤት ይመጣ ነበርና፣ አንዲት ቃል ለሱ እንድነግርለት ለመነኝ። በሐሰት ከሰሱኝ አለ፤ ስሜን ይዤ ልሂድ አለ። ያሳዝን ነበር፣ አልዋሽም። እኔን ግን አላሳዘነኝም።

"አውቃለሁ" አልኩት። "ዳማው አንድ ነውር የለበትም። ያን ቅዳሜ ጠዋት በጩኮ ያደነዘዝኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። ሄደው ለፈለጉት ይንገሩ።"

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሲገባው አፉ ተከፈተ፣ ዳማውን አየ፣ እኔን አየ። ዘወር ብሎ ሄደ።

ነገረም። ያኑ ዕለት ገበያ መሐል ቆሞ፣ አረቄ አውጪዋ ናት፣ የአንካሳው ሚስት ናት እያለ ጮኸ። ያዩት ሁሉ ከበው ሳቁበት፤ ደግሞ ዛሬ በሴት ሊያሳብብ መጣ አሉት። ምሽቱን ሾፌሮቹ ቤቴ ተቀምጠው አካሄዱን እያስመሰሉ ሲያወሩት፣ እኔ አረቄ እየቀዳሁላቸው ከሁሉም በላይ ሳቅኩ።